ከደብረ ማርቆስ እስከ ቻልቢ በረሃ፦ የአንድ ተጎታች ቤት የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8 ቀን 2012፣ ደብረ ማርቆስ

አክስሉ ዛሬ ከአዲስ አበባ መጣ። ከአሮጌ ላንድክሩዘር የወጣ የኋላ አክስል ነው፤ በሆዱ የነበረው ማርሽ ተራግፎ ባዶውን ቀርቷል፣ ፍሬኑና ኩሽኔታዎቹ ግን አሉ። ከዚህ በርካሽ ሌላ ማግኘት እችል ነበር። ይህን የመረጥኩት የሚጎትተው መኪናዬም ላንድክሩዘር ስለሆነ ነው፤ ቸርኬው፣ ጎማው፣ የጎማው ዳዶ ሳይቀር አንድ ዓይነት ይሆናል። በረሃ መሀል ለሁለት ዓይነት ጎማ ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ተሸክሞ መሄድ ሞኝነት ነው። የግራና የቀኝ ጎማዎቹ ርቀትም ከመኪናው ጋር እኩል ስለሚሆን ተጎታቹ መኪናው በረገጠው ፈለግ ይከተላል። አሸዋ ላይ የራሱን አዲስ መንገድ የሚቀድ ተጎታች ሞተር ያደክማል።

ለምን እንደምሠራው ልጻፍ። አጎቴ በጎጃም ትምህርት ቤቶች ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ተማሪዎቻቸውን ይዘው ግሽ ዓባይ ስንት ጊዜ እንደሄዱ ራሳቸውም አያውቁትም። ሁልጊዜ የሚሉት ግን ይህን ነው፦ «ዓባይ ከእኛ ጓሮ ተነሥቶ ባሕር ይገባል። ኦሞ ባሕር ሳያይ በረሃ ላይ ያልቃል። አንዱን አውቀዋለሁ፤ ሌላውን ሳላይ መቅረት አልፈልግም።» ኦሞ የሚያልቀው ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ሐይቁም ከሰሜን ጫፉ በቀር የኬንያ ነው። መንገዳችን በሞያሌ ወጥቶ፣ ማርሳቢትን አልፎ፣ በቻልቢ በረሃ በኩል ነው የሚሆነው። ጋሼ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ መተኛት አይችሉም። አልጋ ያለው ቤት ይዘን መሄድ አለብን፤ ቤቱን መሥራት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ኅዳር 20

ሻንሲው፣ ቤቱን የሚሸከመው የብረት መሠረት፣ ቆመ። ዋናው ብረት 100 በ50 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ቱቦላሬ፣ መሀሉ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ነው። መጎተቻው ሁለት ክንድ አለው፤ እንደ «ለ» ፊደል ከሻንሲው ግራና ቀኝ ተነሥተው ጫፋቸው ላይ ይገናኛሉ። ከመጎተቻው ኳስ እስከ አክስሉ 2 ሜትር ከ90 ነው። ክንዱ ያጥራል ያሉኝ ነበሩ፤ የረዘመ ክንድ ወደ ኋላ ሲነዱት ይታዘዛል፣ ቁልቁለት ላይም ይረጋጋል፤ ነገር ግን ሲረዝም ክብደቱና መተጣጠፉም ይጨምራል። በዚህ ልክ ይብቃ ብያለሁ።

የክንዱ ሥር፣ ከሻንሲው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ጫና የሚያርፍበት ነው። እዚያ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ከላይና ከታች ደርቤ ዙሪያውን አንድም ክፍተት ሳልተው በየድኩት። ብየዳው እንደ ስፌት የተደረደረ ነው። ከዚህ በላይ ማጠናከር የሚቻል አይመስለኝም። መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋ ሥራው እስከ ምሽት ድረስ ቆየ።

ታኅሣሥ 1

ቤቱ ከመሬት ከፍታው ዝቅ ብሎ ተሠርቷል። ግድግዳው ውጩ ቀጭን ላሜራ፣ ውስጡ ኮምፔንሳቶ፣ መሀሉ ስፖንጅ ነው። አንድ ሰፊ አልጋ ለጋሼ፣ ለእኔና ለረዳቴ የሚዘረጋ ሸራ፣ ከኋላ ምድጃ፣ 120 ሊትር የሚይዝ የውኃ ታንከር። ረዳቴ የጎሐ ጽዮን ልጅ ነው፤ ኦሮምኛ አፍ መፍቻው ስለሆነ ከሞያሌ ወዲያ አንደበታችን እርሱ ነው። የቻልቢ ዙሪያ ነዋሪዎች ጋብራዎች የሚናገሩት የቦረና ኦሮምኛ ነውና።

ዛሬ ታንከሩን ሞልቼ እስከ ሉማሜ ጎተትኩት። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስደርስ የተጎታቹ ኋላ ግራና ቀኝ ይዋልል ጀመር። ፍሬን ብይዝ ይባስ እንደሚወረወር ስለማውቅ እግሬን ከነዳጅ ላይ ብቻ አንሥቼ ቀስ እያለ እንዲረግብ ተውኩት። ልብን የሚያርድ ነገር ነው። ፍጥነት ስቀንስ ቆመ፤ ግን እንዲህ ሆኖ ዓባይ በረሃን አይወርድም።

ታኅሣሥ 3

የሚዋልለው ለምን እንደሆነ ዛሬ በቁጥር አየሁት። ከእህል ነጋዴ ጎረቤቴ ጤፍ የሚመዘንበትን ባስኩላ ተዋስኩ። መጀመሪያ ግራ ጎማውን አቆምኩበት፦ 455 ኪሎ። ቀኙን፦ 525። ቀጥሎ መጎተቻውን፣ ኳሱ ላይ የሚያርፈውን ጫፍ፦ 60 ኪሎ ብቻ። ድምሩ 1,040 ኪሎ ነው። ኳሱ ላይ የሚያርፈው ከጠቅላላው 6 በመቶ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነት ተጎታች ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ሲያንስ አፍንጫው ይቀልና ኋላው መሪ ልያዝ ይላል።

ጥፋቱ የታንከሩ ነው። የተቀመጠው ከአክስሉ ኋላ፣ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ነው። ፈትቼ ከአክስሉ ፊት፣ መሀል ላይ፣ ወለሉ ሥር አሰርኩት። ምድጃውንም ወደ ግራ አዛወርኩ። እንደገና መዘንን፦ ግራ 455፣ ቀኝ 459፣ ኳሱ ላይ 126። ነጋዴው ከጎኔ ቆሞ ሁሉን ሲመለከት ቆይቶ፣ «አህያም ስትጫን እንዲሁ ነው፤ ከኋላዋ የከበዳት እንደሆነ ዳገት አትወጣም» አለኝ። ትክክል ነው። ማታ ወደ ሉማሜ ደግሜ ሄድኩ፤ በ80 ቀጥ ብሎ ተከተለኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ዓባይ በረሃ

ከደጀን ወርዶ ጎሐ ጽዮን እስኪወጡ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቁልቁለቱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። በሀገራችን ተጎታች የሚፈተንበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው እንደ ማዕበል ተነሥቶ ወድቋል፤ የጫኑ መኪኖች የቀበሩት ፈለግም ጎማን ይዞ ይጎትታል።

የተጎታቹ ፍሬን በራሱ የሚሠራ ነው። መኪናው ሲዘገይ ተጎታቹ ከኋላ ይገፋል፤ ግፊቱ ተንሸራታቹን መጋጠሚያ ወደ ኋላ ይሰበስበዋል፤ እርሱ የፍሬን ዘይቱን ይጨምቃል። ሜዳ ላይ ጥሩ ነው። ረዥም ቁልቁለት ላይ ግን ሳይለቅ ሲታሽ ይውላል። ስለዚህ ከደጀን አፋፍ ጀምሬ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጌ ወረድኩ።

የህዳሴ ድልድይን አልፈን ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ቆምኩ። ይህ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ነው፤ ጋሼ ከአሮጌው ድልድይ ጋር እያነጻጸሩ ለረዳቴ ሲያስረዱ እኔ ጎማ ስዳስስ ነበር። በእጄ ጀርባ ግራውን ነካሁ፤ ሞቅ ብሏል፣ ይቻላል። ቀኙን ነካሁ፤ እጄ ሳልፈልግ ተመለሰ። የአንዱ ብቻ መጋል የፍሬን ሳይሆን የኩሽኔታ ምልክት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። በክሪክ አንሥቼ በእጄ ሳሽከረክረው እያማረረ ቆመ። ዳዶውን እኔው ነኝ ከልክ በላይ ያጠበቅኩት። ትክክለኛው አካሄድ ጎማውን እያሽከረከሩ እስኪከብድ ማጥበቅ፣ ከዚያ ትንሽ መልሶ ማላላት፣ ከዚያ መቆለፍ ነው፤ ጎማው በነጻነት ይሽከረከር፣ ግን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት አይንቃ። ግራሶው ቀልጦ እንደ ማር ይወርድ ነበር። ጠርጌ አዲስ ሞላሁበት። ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሁለቱም እኩል ሞቀው አገኘኋቸው።

ረዳቴ እናቱ ቤት ምሳ አበላን።

ታኅሣሥ 24፣ ጮቄ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ፣ ከዚያ ወደ ድጓ ጽዮን የሚሄደውን የጠጠር መንገድ የመረጥኩት ለንቅናቄው ነው። ብርድ ነበር፤ የጮቄ ነፋስ ልብስ አይለይም።

ቁልፍ፣ ቡሎን፣ ማጠፊያ፣ የሚላላ ሁሉ ላላ። የመስኮቱ ዊንቶች ሦስቱ ወድቀዋል። የበርበሬው ጣሳ ክዳን በመንቀጥቀጡ ብቻ ራሱን ፈትቶ፣ አልጋውም ብርድ ልብሱም ቀልቷል። ከዚህ የባሰው አቧራው ነው። የኋላውን በር በጎርኒሲዮን አሽጌው ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ ወለሉ ላይ ጣት የሚያሰምጥ አቧራ አገኘሁ። ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው፤ ቤቱ ሲሄድ ከኋላው አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳው አየር በየቀዳዳው ከውስጥ ይስባል፣ ከውስጥ የወጣውን የሚተካው ደግሞ አቧራ የጠገበ አየር ነው። ማሸግ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። ጣራው ፊት ላይ አፉን ወደ ፊት ያደረገ የላሜራ ማስገቢያ ሠርቼ፣ ውስጡ ስፖንጅ እንደ ፊልትሮ አስገባሁበት። አሁን ስንሄድ ንጹሕ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ውስጡ ስለሚሞላ አቧራው የሚገባበት ጉልበት ያጣል። በማግስቱ በዚያው መንገድ ሞከርነው፤ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ የሚጠረግ ብቻ ቀረ።

የሚላሉትን ዳዶዎች ሁሉ ላስቲክ ባላቸው ዳዶዎች ቀየርኩ። በእያንዳንዱ ላይም ከቡሎኑ እስከ ብረቱ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ቁልፍ ሳይያዝ በዓይን ብቻ ይታያል።

ጥር 13

ጥምቀትን አሳልፈን ነገ እንነሣለን። የተጎታቹ ወረቀት ከመኪናው ተለይቶ መዘጋጀት ስላለበት ጊዜ ወሰደ። ለጎረቤት ሀገር የሚያገለግለው የኮሜሳ ቢጫ ካርድ መድን ተያዘ። እናቴ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ሽሮ አዘጋጅታለች። እርሷ የሰጠችኝን ሁሉ ብጭን ኖሮ አክስሉ ይጎብጥ ነበር፤ ግማሹን ተደብቄ መለስኩ። አንድ ጥንድ የባሌስትራ (ጭነት የሚሸከመው ዝርግ የብረት ሞላ) ቅጠል፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ ሽቦ፣ የማገዶ መጥረቢያ፣ 30 ሜትር ገመድ፣ አራት ወፍራም ሳንቃ፣ ሁለት አካፋ ተጭኗል።

ጥር 17፣ ሞያሌ

ሦስት ቀን ነዳን። ድንበሩን እንደተሻገርን መንገዱ ግራ ይሆናል፤ ኬንያ ውስጥ የሚነዳው በግራ ነው። ሳላስበው የቀረ ነገር እዚህ ታየ። የቤቱን በር የሠራሁት በቀኝ በኩል፣ በእኛ ሀገር የመንገድ ዳር በሚሆነው ጎን ነው። እዚህ ቀኙ የመንገዱ መሀል ነው። ጋሼ ሊወርዱ በሩን ሲከፍቱ አንድ የጭነት መኪና በጥሩምባ አስደነገጣቸው። ከእንግዲህ መንገድ ዳር አንቆምም፤ ሙሉ በሙሉ ከመንገድ ወጥተን ብቻ።

ጥር 18፣ ማርሳቢት

ከሞያሌ ማርሳቢት አስፋልት ነው። የጭነት መኪና ነጂዎች ይህ መንገድ ቀድሞ ጥቁር ድንጋይና አቧራ እንደነበር፣ ሽፍታ በመፍራትም ተጠባብቀው በአንድነት ይሄዱ እንደነበር ነገሩን። በዲዳ ገልገሉ ሜዳ ስናልፍ ሁለቱም ጎን እስከ አድማስ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተዘራበት ነው፤ አንድ ዛፍ የለም።

ከቱርቢ ወዲህ አንበጣ ገጠመን። በመኸር ወራት ወሎን ያስጨነቀው መንጋ ዘመድ መሆኑ ነው። መጀመሪያ መስታወቱ ላይ እንደ በረዶ ይጮኽ ነበር፤ ቀጥሎ የሞተሩ ሙቀት መውጣት ጀመረ። ራዲያተሩ ፊት በአንበጣ ተሸፍኗል። ጋሼ ያመጡትን የትንኝ መረብ ቆርጠን ፊቱ ላይ አሰርነው፤ በየ20 ደቂቃው እየቆምን አራገፍነው። ረዳቴ አንድም ቃል አልተናገረም። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው አንበጣ ሲያይ እንዲህ ነው።

ማርሳቢት በበረሃ መሀል የበቀለ ደን ያለው ተራራ ነው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሆነ፤ ጋሼ ጋቢያቸውን አወጡ።

ጥር 20፣ ማይኮና

ከተራራው ወርደን በረሃው ውስጥ ነን። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ ነው፤ መኪና የጠጠረ አሸዋን እየደበደበ የሚፈጥረው ሽብሽብ። የጎማውን አየር ከ2.8 ባር ወደ 2 አወረድኩ፤ አሸዋው ሲለሰልስ ወደ 1.2። ጎማው ሲሳሳ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል፣ ንቅናቄውንም እርሱ ይውጥልናል። በዚህ አየር ግን በፍጥነት መንዳት ጎማን ያቃጥላል፤ ከ40 አላለፍኩም። በየ30 ኪሎ ሜትሩ ቆመን ነጮቹን መስመሮች እንቆጥራለን፤ የተጎታቹ አሞርዛተሮች (ንቅናቄ ማብረጃዎች) ግለው እጅ አያስነኩም፣ የአንዱ ላስቲክ ቀልጦ ሸሽቷል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዲበርዱ እንጠብቃለን። ጋሼ በዚያ ጊዜ ቡና ያፈላሉ።

ጥር 21፣ የቻልቢ ዳር

ቻልቢ የደረቀ የጥንት ሐይቅ አልጋ ነው። ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ጨው ያበበበት፣ ርቀት የሚያታልል ሜዳ። በጥር ወር ደረቅ ይሆናል ብለን ነበር የተነሣነው፤ እንደ ወትሮው ቢሆን ይሆን ነበር። ዘንድሮ ግን የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከልክ በላይ በመሞቁ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በምሥራቅ አፍሪካ የዘነበው ዝናብ ከመጠን ያለፈ ነበር። ጋሼ ይህን በሬዲዮ ሰምተው ነግረውኝ ነበር። እኔ ላዩን አየሁና ደረቅ ነው አልኩ።

ሁለት መቶ ሜትር ያህል እንደገባን መኪናው አለፈ፣ ተጎታቹ ሰመጠ። የላዩ ቅርፊት ጣት የሚያህል ነው፤ መኪናው ሰበረው፣ ተጎታቹ በተሰበረው ላይ ገባ። ወርጄ ከጎማው ሥር ያለውን ጭቃ በእጄ ሳነሣ ወዲያው አወቅኩት። ዋልካ ነው። ጥቁር ሳይሆን ግራጫ፣ በላዩ ጨው ያለው፣ ግን ያው የሚጣበቅ፣ ያው የሚያብለጨልጭ፣ በልጅነቴ በክረምት በሬ ያሰጠመብን ዋልካ። ዋልካን ደግሞ ሞተር አያሸንፈውም፤ ጎማ ባሽከረከርክ ቁጥር ትቀበራለህ።

ተጎታቹን ፈታነው። መኪናውን ብቻውን በመጣንበት ፈለግ ወደ ኋላ፣ ጠንከር ወዳለው ቅርብ መሬት መለስኩ። ከጎማዎቹ ኋላ ቆፍረን ሳንቃዎቹን አነጠፍን፣ ታንከሩን ከፍተን ውኃውን ለመጠጥ ካስቀረነው በቀር አፈሰስን፤ በበረሃ ውኃ ማፍሰስ አንጀት ይበላል፣ ግን አንድ መቶ ኪሎ ነው። 30 ሜትሩን ገመድ ከሻንሲው ኋላ አስረን በዝቅተኛው ማርሽ፣ ሳልገፋ፣ ገመዱ እስኪወጠር ብቻ ጠብቄ ሳብኩ። አራት ሰዓት ፈጀ። ግመሎች እየነዱ ያለፉ ሁለት የጋብራ ወጣቶች ግመሎቻቸውን አቁመው አካፋ ያዙልን። የግመሎቹ አንገት ላይ ያለው የእንጨት ቃጭል ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዳሩን ዳሩን ይዘን እንድንሄድ በጣታቸው አሳዩን።

ጥር 22፣ ካላቻ

ምንጭና ዘንባባ ያለበት መንደር ነው። ውኃ ሞላን። ማታ የየዕለቱን ፍተሻ ስናደርግ ረዳቴ በሆዱ ተኝቶ በባትሪ መብራት እያየ፣ «አያ፣ ይህችን ተመልከታት» አለኝ። በቀኙ ክንድ ሥር፣ ከደረብኩት ብረት ጠርዝ አጠገብ፣ ፀጉር የሚያህል ቀጭን መስመር። ዝገት የመሰለ ዱቄት ዳሩን ይዟል። ጭረት ይሁን ስንጥቅ መለየት አልቻልኩም።

ጋሼ፣ «ናፍጣ ቀባው» አሉ። ቀባሁ። ጥቂት ቆይተው፣ «አሁን ጥርግ አድርገህ አድርቀው» አሉ። ከኮት ኪሳቸው ጠመኔ አወጡ፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ከኪሳቸው አይለይም። ብረቱን በጠመኔ ነጭ እስኪሆን አሹት። ጠበቅን። ጭረት ቢሆን ኖሮ ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ይቀር ነበር። ስንጥቅ ከሆነ ውስጡ የገባው ናፍጣ ወጥቶ ጠመኔውን ያርሰዋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጥቁር መስመር በነጩ ላይ እየተሳለ ወጣ፤ ከላይኛው ጠርዝ ጀምሮ ወደ ጎን ወርዶ እስከ ግማሽ ክንዱ። ሦስታችንም ዝም አልን።

እዚህ በያጅ የለም። በማግስቱ ጠዋት ክንዱን እንደ ወጌሻ አሰርነው፤ ሁለቱን የባሌስትራ ቅጠሎች ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በርዝመታቸው ደግፈን፣ ሽቦውን አሥራ አምስት ጊዜ ጠምጥመን፣ ሽቦውን በብረት ዘንግ እየጠመዘዝን እስኪጮኽ አጠበቅነው። ከአልጋው ሥር ያለውን ከባድ ዕቃ ሁሉ ወደ መኪናው አዛወርን። ውኃውንም እንደገና ቀነስን። ከዚያ ወደ ማርሳቢት፣ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ በየአምስት ኪሎ ሜትሩ እየቆምን። ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ መመልከቻው መስታወት ላይ አፍጥጬ አንገቴ ደረቀ።

ጥር 25፣ ማርሳቢት

አንድ ሽማግሌ በያጅ አገኘን። ጋራዣቸው አንድ ዛፍ፣ አንድ ጄኔሬተርና አንድ ሞርሳ ነው። ስንጥቁን አይተው ወደ እኔ ዞሩና በረዳቴ በኩል፣ «ይህን ብረት ማን ነው ዙሪያውን የሰፋው?» አሉ። እኔ ነኝ አልኩ። በጣታቸው አቧራው ላይ ሣሉልኝ። መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ልክ እንደ እኔ። ቀጥሎ ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ጦር የሾሉ። «በረዥሙ ብየድ። በአግድሙ ተው።»

ሌሊቱን ሳስበው ግልጽ ሆነልኝ። ቱቦላሬው 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስንሄድ በጥቂቱ ይለመጣል፣ መለመጥም አለበት። የደረብኩት 8 ሚሊ ሜትር አይለመጥም። ስለዚህ ክንዱ በሙሉ ተካፍሎት የነበረው መለመጥ ሁሉ ደረቡ በሚያልቅበት አንድ መስመር ላይ ይሰበሰባል። በዚያው መስመር ላይ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ብየዳ አሳልፌ ቀጭኑን ብረት በሙቀት አዳክሜዋለሁ። ኅዳር 20 ቀን የጻፍኩትን ገጽ ገልጬ ደግሜ አነበብኩት። የሾለ ጫፍ ያለው ድርብ ቢሆን ግን ጥንካሬው በአንድ ጊዜ አይቋረጥም፤ ቀስ እያለ ይሳሳል፣ ጫናውም ይበተናል።

ሽማግሌው በስንጥቁ መጨረሻ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ በሱ፤ ስንጥቅ የሚሮጠው በሹል ጫፉ ነው፣ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ ስንጥቁን በግራይንደር እንደ ቦይ ከፍተው ሞሉት፣ በጎኑ ጫፎቹ የሾሉ ድርብ አድርገው በረዥሙ ብቻ በየዱት። የጠየቁት ዋጋ ያሳፍራል፤ ጨምሬ ሰጠሁ፤ ጋሼ ደግሞ አንድ ከረጢት በሶ።

ጥር 28፣ ሎያንጋላኒ

ወደ ቻልቢ አልተመለስንም። ከማርሳቢት በስተደቡብ ከላይሳሚስ የሚገነጠለውን 208 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ያዝን። የተሻሻለው ለነፋስ ኃይል ማመንጫው ዕቃ ማጓጓዣ ነው፤ 365 ማማዎች ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው ይሽከረከራሉ፣ 310 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ። ነፋሱ ለምን እዚህ እንደተመረጠ ቆዳችን ነገረን። ከደቡብ ምሥራቅ ሳያቋርጥ ይመጣል። ቤቱን በጎኑ ለነፋሱ ብሰጠው ይገለብጠዋል፤ ስናቆም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሬ፣ ከመኪናው ሳልፈታ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ ነው ያደርኩት።

ሐይቁ አረንጓዴ ነው። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው እስከ ጉልበታቸው ገቡ። በእፍኛቸው ቀምሰው ተፉት፤ መውጫ የሌለው ውኃ እየተነነ ጨዉን ትቶ ስለሚሄድ መጥፎ ጣዕም አለው። «ከጅማና ከከፋ የዘነበው ነው» አሉ። ሐይቁ ከሚያገኘው ውኃ እጅግ የሚበዛው ከኦሞ ነው። ለረጅም ጊዜ ወደ ሰሜን ዞረው ቆሙ። እኔ ፎቶ ማንሣት ረሳሁ፤ ረዳቴ አንሥቷል።

የካቲት 8፣ ደብረ ማርቆስ

ከተመለስን አራተኛ ቀን። ሦስት ጊዜ በውኃ አጥቤው እንኳ ከባሌስትራ ቅጠሎቹ መሀል ነጭ ጨው እየወጣ ነው። ፈትቼ እያንዳንዱን ቅጠል በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ግራሶ ቀባሁ። ኩሽኔታዎቹ ደህና ናቸው። የፍሬኑ ሸራ ግማሹ አልቋል፤ የዓባይ በረሃን በምንመለስበት ጊዜም ወርዶታልና።

ግራውን ክንድ በናፍጣና በጠመኔ መረመርኩ። እዚያም ጀምሮ ነበር፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ማርሳቢት ላይ ሳልመረምረው መጎተቴ አስደነገጠኝ።

የካቲት 12

የድሮዎቹን ድርቦች በሙሉ በግራይንደር ቆርጬ አነሣሁ። ሁለቱን ክንዶች በአዲስ ቱቦላሬ ተካሁ፤ የሽማግሌውን ብየዳ ቆርጬ ሳነሣው ግን አልጣልኩትም፣ ሞርሳው አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። አዲሶቹ ድርቦች ከቱቦላሬው ጋር እኩል 4 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ በላይና በታች ሳይሆን በጎን፣ ጫፋቸው የሾለ፣ ብየዳው በረዥሙ ብቻ። የመጋጠሚያውን ሥርም በብየዳ ፈንታ በስድስት ትልልቅ ቡሎን አሰርኩት፤ በእያንዳንዱም ላይ ነጭ መስመር አለ። የቤቱን በር ወደ ኋላ አዙሬዋለሁ፤ በግራም በቀኝም ሀገር ይሠራል።

ከሰዓት በኋላ ባዶውን ጎትቼ በሮብ ገበያ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ደበደብኩት። ስመለስ ጋሼ ጋራዡ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ናፍጣ ቀባን፣ ጠረግን፣ ጠመኔውን ራሳቸው አሹት። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ነጭ እንደሆነ ቀረ።